የአይሮፕላን ቡሽንግ አቃቂ ላይ ይሠራልን?

(በኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)




የዛሬውን ንግግር ያስከተለው ባለፈው ስብሰባ ማብቂያ ላይ ከመካከላችሁ አንዱ ተነሥቶ ያቀረበው ጥያቄ ነው። ጥያቄው አጭር ነበር። «ከቃሊቲ እስከ አቃቂ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ቶርኖ ቤቶች ለከባድ መኪና የማይቆርጡት ቡሽንግ የለም። ታዲያ ለአንድ ትንሽ አይሮፕላን ሞተር ስድስት ቡሽንግ ከውጭ አገር በዶላር የምናስመጣው ለምንድር ነው?» አለን። ጭብጨባው ለጠያቂው እንጂ ለእኛ እንዳልነበረ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

እኛም ጥያቄውን ይዘን ወጣን። መልሱን በአንድ ቃል ከመስጠታችን በፊት ግን ቡሽንጉ ምን እንደሚሠራ፥ እንዴት እንደሚወጣና እንዴት እንደሚተከል ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቅ «እንችላለን» የሚለውም «አንችልም» የሚለውም በጨለማ ይከራከራሉ።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። አቃቂ ለአይሮፕላን እንግዳ አይደለችም። የመጀመሪያው አይሮፕላን፥ ፖቴዝ 25 የተባለው፥ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ካረፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1928 ዓ.ም. የጦርነት ጊዜ፥ የአቃቂ ሜዳ የመንግሥቱ አይሮፕላኖች ማረፊያ ነበረ። በዚያው በ1928 ዓ.ም. ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋራ ሆኖ በአገራችን አንዲት አይሮፕላን ሠራ። በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ጥቂት ሰዓት ብቻ በርራ በጣልያኖች እጅ ወደቀች፤ ወደ ጣልያን አገር ተወስዳም በሮማ አቅራቢያ በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኀይል ሙዚየም ለብዙ ዘመን ቆመች። የጣልያን መንግሥት ለኢትዮጵያ የመለሳት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ነው።

ስለ ፀሐይ የምናነሣው ለመመጻደቅ አይደለም። አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን ነው። አካልዋ እዚህ ተሠራ፤ ሞተርዋ ግን ዋልተር ቬኑስ የሚባል፥ ሰባት ሲሊንደርና 115 የፈረስ ጉልበት ያለው፥ በቼኮስሎቫኪያ ተሠርቶ የመጣ ነበር። ቬበርና ባልደረቦቹ እዚህ ሊሠራ የሚገባውንና ከሠሪው ዘንድ መምጣት ያለበትን ለይተዋል ማለት ነው። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ቡሽንጉ እንግባ። የበረራ ተማሪዎች በሚሠለጥኑበት በሴስና 172 ዓይነት አይሮፕላን ላይ የላይኮሚንግ ሞተር ተገጥሞ ይገኛል። የክራንክሻፍቱ የፊት ጫፍ እንደ ሰሐን ተዘርግቶ ፍላንጅ ይሆናል። በፍላንጁ ዙሪያ ስድስት ቀዳዳዎች አሉ፤ በእያንዳንዱም ውስጥ አንድ የብረት ቡሽንግ በግፊት ገብቶ ተቀምጧል። የቡሽንጉ ውስጥ ጥርስ የወጣለት ስለሆነ የፕሮፔለሩ ቡሎን ከፊት መጥቶ እርሱ ውስጥ ይጠብቃል። ከኋላ በኩል ትከሻ አለው፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ትከሻው ፍላንጁን ከጀርባው ይጨብጣል። ከፊት በኩል ደግሞ ከፍላንጁ ጥቂት ወጣ ብሎ ይታያል፤ ያ የወጣው ክፍል ፕሮፔለሩ ውስጥ ገብቶ ቦታውን ያስይዘዋል። ስለዚህ አንድ ቡሽንግ በአንድ ጊዜ ዳዶም ካስማም ነው።

ብዙ ሰው ፕሮፔለሩን የሚያዞሩት ቡሽንጎቹ ይመስሉታል። በቁጥር እንየው። 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በደቂቃ 2,700 ጊዜ ሲዞር፥ ለፕሮፔለሩ የሚሰጠው የማዞር ጉልበት በአማካይ 475 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። የቡሽንጎቹ ክብ ከዳር እስከ ዳር 120 ሚሊሜትር ያህል ነው ብንል፥ ይህንን ሁሉ ስድስቱ ብቻቸውን ቢሸከሙት ለእያንዳንዱ 1,300 ኒውተን ያህል ይደርሰዋል። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ኩንታል ከ30 ኪሎ ጤፍ እንደ ማንጠልጠል ነው። ለብረት ይህ ከባድ ሸክም አይባልም።

ነገር ግን ዋናው ሸክም የሚያርፈው በቡሽንጉ ላይ ሳይሆን በሁለቱ ፊቶች ሰበቃ ላይ ነው። የግማሽ ኢንች ቡሎን ለምሳሌ በ85 ኒውተን ሜትር ቢጠብቅ፥ የሚጨብጥበት ኀይል በግምት 33,000 ኒውተን ነው፤ ስድስቱ አንድ ላይ ወደ 200,000 ይደርሳሉ። ከዚህ ውስጥ 15 ከመቶው ብቻ ወደ ሰበቃ ቢለወጥ፥ ፕሮፔለሩና ፍላንጁ ሳይንሸራተቱ 1,800 ኒውተን ሜትር ይችላሉ። ይህ ከአማካዩ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ትርፉ የተቀመጠው በከንቱ አይደለም። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ጉልበቱን እንደ ወንዝ በእኩል አያፈስም፤ እንደ ከበሮ ይመታል። በደቂቃ 2,700 ዙር ላይ ሲሆን 5,400 ጊዜ ይመታል፤ በምቱና በምቱ መካከልም ጉልበቱ ይወርዳል።

እንግዲህ ቡሎኑ የላላ እንደ ሆነ ምን ይከተላል? ፊቶቹ መፋተግ ይጀምራሉ፤ በመካከላቸውም ቡናማ ወይም ጥቁር ዱቄት ይታያል። ሰበቃው ሲጠፋ ከበሮው በቡሽንጎቹ ላይ ይመታል። ያን ጊዜ 1,300 ኒውተን የሚለው ሒሳባችን አይሠራም፤ በእኩል የሚከፈል ሸክም መሆኑ ቀርቶ አንዱ ቡሽንግ ከሌላው ቀድሞ የሚቀበለው የመዶሻ ምት ይሆናልና። ቀዳዳው ክብነቱን ያጣል፥ ጥርሱ ይበላል፥ ቡሎኑም ይደክማል። ለእንጨት ፕሮፔለር ይህ አደጋ ይብሳል። እንጨት በሐምሌ ያብጣል፥ በጥር ይኮማተራል። በክረምት በትክክል የጠበቀ ቡሎን በበጋ ሊላላ ይችላል፤ ስለዚህ የእንጨት ፕሮፔለር ያለው ሰው ከወቅት ወቅት ቡሎኑን መፈተን ግዴታው ነው።

ቡሽንግ የሚወጣው ጥርሱ ሲበላ፥ ሲዝግ፥ ሲሰነጠቅ፥ ወይም ርዝመቱ ከሌላ ዓይነት ፕሮፔለር ጋራ የማይስማማ ሲሆን ነው።

ሥራው የሚጀምረው በማግኔቶው ነው። ፕሮፔለርን በእጁ የሚነካ ሰው ቁልፉ ስለ ጠፋ ብቻ ሞተሩ ሞቷል ብሎ ማመን የለበትም። የማግኔቶው የመሬት ሽቦ ተበጥሶ ከሆነ፥ ቁልፉ ጠፍቶም ቢሆን ሞተሩ አንድ ጊዜ ሊተኩስ ይችላል፤ ያ አንድ ጊዜ ለእጅ በቂ ነው። ስለዚህ ከየሲሊንደሩ አንድ አንድ ካንዴላ ይፈታል። ከዚያ ፕሮፔለሩ፥ ቀጥሎም የሞተሪኖው ትልቅ ጥርስ የተገጠመበት ክብ ይወርዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ወረቀትና እርሳስ ነው። እያንዳንዱ ቡሽንግ ከፍላንጁ ፊት ስንት ሚሊሜትር እንደ ወጣ ይለካል፥ ይጻፋል። በፍላንጁ ላይ የዜሮ ምልክት የተቀረጸበት የትኛው ቀዳዳ እንደ ሆነ በሥዕል ይመዘገባል። ይህን ምልክት የሚንቁት ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ የሞተሪኖው ክብ ራሱ አንድ ዜሮ የተጻፈበት ቀዳዳ አለው፥ ሁለቱ ዜሮዎችም መገናኘት አለባቸው። የእሳቱ ሰዓት የሚስተካከልበት ምልክት በዚያ ክብ ላይ ነው የተቀረጸው። ቡሽንጎቹ ተለዋውጠው ክቡ በሌላ ቦታ ቢገባ፥ መካኒኩ ምልክቱን አምኖ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ሞተሩ ግን ያለ ጊዜው ይተኩሳል። እጁ ያልሠራውን ጥፋት በካርቡረተሩ ወይም በቤንዚኑ ላይ ሲፈልግ ይውላል።

አሁን ማውጣቱ። ቡሽንጉ ትከሻው ከኋላ ስለሆነ የሚወጣው ወደ ኋላ፥ ወደ ሞተሩ አቅጣጫ ነው። ሊያስወጣው የፈለገ ሰው መዶሻ ያነሣ እንደ ሆነ ግን ስለ ሥራው ከእርሱ ጋራ መነጋገር አይቻልም። ከፍላንጁ በስተኋላ የክራንክሻፍቱ ኩሽኔታዎች አሉ፤ የመዶሻው ምት ይደርስባቸዋል። በፍላንጁ ላይ የቀረች ትንሽ ጠባሳም ስንጥቅ የሚጀምርባት በር ትሆናለች፤ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚመታ ጉልበት ደግሞ በር ካገኘ ይገባበታል።

መሣሪያው ቀላል ነው። ወፍራም ግድግዳ ያለው አጭር ቱቦ ከፍላንጁ ኋላ ይደገፋል፤ የውስጡ ስፋት የቡሽንጉን ትከሻ በነፃ የሚያሳልፍ፥ ርዝመቱም በፍላንጁና በሞተሩ አካል መካከል ባለው ጠባብ ቦታ የሚገባ መሆን አለበት። ከፊት በኩል ከቡሽንጉ ውጫዊ ስፋት ጥቂት የምታንስ ጠንካራ ሮንዴላ ትቀመጣለች። በመካከላቸው ጠንካራ ቡሎን ያልፋል፥ ከኋላም ዳዶ ይያዛል። ቡሎኑ ቀስ እያለ ሲጠብቅ ሮንዴላዋ ቡሽንጉን ገፍታ ወደ ቱቦው ታስገባዋለች። ጉልበቱ በሙሉ በመሣሪያውና በፍላንጁ መካከል ይዘጋል እንጂ ወደ ኩሽኔታው አይሄድም። የመሣሪያው ጥበብ ይኸው ብቻ ነው። ዝገት ካለ አስቀድሞ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ተደርጎለት ይደር፤ አንድ ሌሊት መታገሥ ከአንድ ክራንክሻፍት ይረክሳል።

ቡሽንጉ ከወጣ በኋላ ሥራው አለቀ የሚመስለው ሰው አለ፤ እኛ ግን ዋናው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው እንላለን። ባዶው ቀዳዳ ይጠረጋል፤ በሁለት አቅጣጫ ይለካል፤ ሁለቱ ልኮች ካልተስማሙ ቀዳዳው ሞላላ ሆኗል ማለት ነው። ያን ጊዜ በገዛ ፈቃድ አስፍቶ ትልቅ ቡሽንግ ማስገባት አይፈቀድም፤ የሞተሩ ሠሪ በጽሑፍ የፈቀደው ትልቅ ልክ ካለ በዚያ ብቻ ይሠራል፤ ከሌለ ክራንክሻፍቱ ወደ ዋና ጥገና ይሄዳል። ፍላንጁም በዳያል ጌጅ ይፈተናል። ክራንክሻፍቱ ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ እየተያዘ በዝግታ ይዞራል፥ መርፌዋም ፍላንጁ የተጣመመ መሆን አለመሆኑን ትናገራለች። የመሬት ምት ያገኘው ፕሮፔለር የተለወጠለት ሞተር ከሆነ ይህ ፈተና ከቡሽንጉ ይበልጣል፤ ስንጥቅ የሚፈልግ ምርመራም አብሮ መደረግ አለበት።

አዲሱ ቡሽንግ ከቀዳዳው በጥቂቱ ይበልጣል፤ የሚይዘውም ይኸው ብልጫ ነው። እንዲገባ ለመርዳት ይቀዘቅዛል። ምን ያህል እንደሚረዳ እናስላው። ውጫዊ ስፋቱ 19 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ቡሽንግ፥ በቤት ማቀዝቀዣ ከ20 ዲግሪ ወደ 18 ከዜሮ በታች ቢወርድ ከአንድ መቶኛ ሚሊሜትር ያነሰ ይኮማተራል። በደረቅ በረዶ፥ ማለት 78 ከዜሮ በታች ሲደርስ፥ ሁለት መቶኛ ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። የሰው ጠጉር ውፍረት ከዚህ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። እንግዲህ ቅዝቃዜ ይረዳል እንጂ ልክ ያልሆነውን ልክ አያደርግም። ፍላንጁን በእሳት ማሞቅስ ብትሉን፥ በጭራሽ እንላለን፤ የብረቱ ጥንካሬ በሙቀት የተሰጠው ስለሆነ በሙቀት ሊነጠቅ ይችላል፥ የዘይት መከላከያውም አጠገቡ ነው።

መትከሉ የማውጣቱ ግልባጭ ነው። ቡሽንጉ ከኋላ ይቀርባል፥ ቱቦው አሁን ከፊት ይሆናል፥ ቡሎኑም ቡሽንጉን ወደ ፊት ይስበዋል። በመንገድ ከቆመ ወይም ካዘነበለ አይገደድም፤ ወጥቶ ምክንያቱ ይፈለጋል። ትከሻው ከፍላንጁ ጀርባ ጋራ ሲገናኝ በቀጭን ፊለር ጌጅ ዙሪያው ይፈተናል፤ ጌጁ የሚገባበት ክፍተት ካለ ቡሽንጉ አልተቀመጠም። ያልተቀመጠ ቡሽንግ ዛሬ ባይታወቅም፥ ፕሮፔለሩ ከጠበቀ በኋላ በሥራ ላይ እያለ ይቀመጣል፤ እርሱ በተቀመጠ መጠንም ቡሎኑ ይላላል። ከላይ የዘረዘርነው ከበሮ እንደ ገና ይጀምራል። በመጨረሻ አስቀድሞ በወረቀት የተጻፈው የመውጫ ልክ ከአዲሱ ጋራ ይነጻጸራል፥ ዜሮውም ከዜሮ ጋራ መገናኘቱ ይታያል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ቡሽንጉ አቃቂ ላይ ይሠራልን?

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ቃሊቲ ወደሚገኝ አንድ ቶርኖ ቤት ሄደን ነበር። ባለ ቶርኖው ዕድሜያቸውን በብረት ላይ የፈጁ ሰው ናቸው። አሮጌ ቡሽንግ አሳየናቸው፤ በካሊፐር ለኩት፥ ጥርሱን በብርሃን አዩት። «ጋሼ፥ ይቆረጣል ወይ?» አልናቸው። «ልጆቼ፥ ቅርጹን ከምሳ በፊት እሰጣችኋለሁ። ግን ይህ ብረት ምን ብረት ነው?» አሉን። አናውቅም አልናቸው። «እንግዲያው እኔም አላውቅም። የማላውቀውን ብረት በከባድ መኪና ላይ እገጥመዋለሁ፤ ቢሰበር መኪናው መንገድ ዳር ይቆማል። የእናንተው የት ነው የሚቆመው?» ብለው መለሱልን።

በእኛ አስተያየት ከዚህ የተሻለ መልስ ከማንኛውም መጽሐፍ አይገኝም። ቅርጽ መቁረጥ የእጅ ሥራ ነው፤ እጁ በአቃቂም በቃሊቲም ሞልቷል። የጎደለው ስለ ብረቱ የሚመሰክር ነው። ብረቱ ከየት እንደ መጣ፥ በስንት ዲግሪ እንደ ነደደና እንደ ቀዘቀዘ፥ ጥንካሬው በምን እንደ ተለካ የሚናገር ሰነድ ከሌለው፥ የተሳካውና ያልተሳካው ቡሽንግ በዐይን አይለዩም። እጅግ የለሰለሰ ቡሽንግ ጥርሱ ይበላና ራሱ ብቻ ይጠፋል፤ እጅግ የደደረ ወይም ልኩ የበለጠ ግን የክራንክሻፍቱን ቀዳዳ ያበላሻል፥ የብዙ ሺህ ዶላር ዕቃ በአንድ ቁራጭ ብረት ይጠፋል። ሕጉም ይህንኑ ይላል። ኢትዮጵያ በ1937 ዓ.ም. የቺካጎውን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት፤ በሞተር ላይ የሚገጠም ዕቃ የተፈቀደለት ሠሪ ሰነድ ይዞ መምጣት አለበት። አንዳንዶች ይህን ወረቀት የነጭ ተንኮል ይሉታል። ወረቀቱን ለመሸጥ ብቻ የሚጠቀሙበት አይጠፉም ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ፕሮፔለር ኋላ የሚቀመጠው የእኛው ወንድም፥ የእኛው እኅት ነው፥ ገና 20 ሰዓት ያልበረረ ተማሪ።

ስለዚህ ለቡሽንጉ መልሳችን «ዛሬ አይደለም» የሚል ነው። ሆኖም በዚህ ብቻ ብናበቃ ለጠያቂው ግማሽ መልስ እንደ ሰጠን ይቆጠራል። ቅድም የገለጽነውን ማውጫና መትከያ አስታውሱ፤ ቱቦ፥ ሮንዴላ፥ ቡሎንና ዳዶ ነው። እርሱ አይበርርም። ቢሰበር በጠረጴዛ ላይ ይሰበራል። ብረቱ ቢለሰልስ ቱቦው ይጎብጣል፥ ሠሪው ያየዋል፥ ሌላ ይሠራል። የሚፈተንበትም ቀላል ነው፤ ወፍራም የብረት ሰሌዳ ይበሳል፥ በፍላንጁ ልክ ስድስት ቀዳዳ ይወጣለታል፥ ቡሽንግ ይገባበታል ይወጣበታል፥ አምሳ ጊዜም ቢሆን። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ደግሞ ከውጭ አገር በዶላር ማስመጣት፥ እውነት ለመናገር፥ ለባለ ቶርኖው ለጋሼ ስድብ ነው። ከዚያ በኋላ የዳያል ጌጁ መቆሚያ፥ የክራንክሻፍቱ መደገፊያ፥ የሞተሩ መሸከሚያ አልጋ ይከተላሉ። የቬበር ባልደረቦች በ1928 ዓ.ም. የፀሐይን አካል ሲሠሩና ሞተሩን ከሠሪው ሲወስዱ መስመሩን ያሰመሩት በዚህ ዓይነት ይመስለናል። መስመሩ ደግሞ በአንድ ቦታ ለዘላለም የተተከለ አይደለም፤ ብረቱን የሚያነድድ ምድጃና ጥንካሬውን የሚለካ ላቦራቶሪ ውጤታቸውን ፈርመው መስጠት ሲጀምሩ ወደ ፊት ይገፋል። የሚገፋውም እነዚህን ሁለቱን የሚያቋቁም እንጂ ያለ እነርሱ ቡሽንግ የሚቆርጥ አይደለም።

የመሣሪያውን ሥዕል በሦስት ገጽ አዘጋጅተን በዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠናል። የቱቦው ርዝመት ገና አልተቆረጠም፤ በፍላንጁና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ክፍተት በትክክለኛው ሞተር ላይ መለካት አለበትና። ለመለካት ፈቃድ የጠየቅንበት ደብዳቤ ተጽፎአል። መልሱ እስኪመጣ የሙከራው ሰሌዳ መበሳት ይችላል፤ ለዚህም 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ብረት ማግኘት የሚችል ሰው ካለ ከስብሰባው በኋላ ያነጋግረን። ጋሼ ቶርኖውን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊለቁልን ተስማምተዋል፤ አንድ ነገር ብቻ አዘውናል፥ መዶሻ ይዘን እንዳንመጣ።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ልታቀርቡ ትችላላችሁ።